የአቀባበል ጡጦ

ሰኞ ማታ

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ቀልድ ክልክል ነው። ክልከላውን ያወጣችው ልጄ ናት፣ ያጸደቀው ባሏ፣ የተከለከልኩት እኔ ብቻ። ጥፋቴ ይህ ነው፦ ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ፍሪጁን ከፍታ፣ የወተት ጠርሙሶቹን አይታ ስትተክዝ፣ «ምነው፣ ላሚቷ ዛሬ አኮረፈች?» አልኳት። እንደ ድሮዋ በፎጣ ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመታችኝም። ፍሪጁን እንደተከፈተ ትታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።

አማቼ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በዓመት አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ነው። የዘንድሮውን ዛሬ ተጠቀመበት። «አባባ፣ እባክዎ ቀልዱን ለጊዜው ያቆዩት» አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ፀጉር ስቆርጥና ጺም ስላጭ የኖርኩ ሰው ነኝ። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈበት ሰው ወሬ ካልሰማ ስለ ምላጩ ማሰብ ይጀምራል። ቀልድ የሙያዬ ዕቃ ነው፤ እንደ መቀስ። እሱን ቀምተውኝ ምን ልሁን? ስለዚህ ይህን ደብተር ገዛሁ። አፌ ላይ የመጣውን እዚህ አስቀምጣለሁ፤ ክልከላው ሲነሳ አወጣዋለሁ።

ማክሰኞ

ልጄ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ የሰው ዓይን ትለካለች። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሥራ ከተመለሰች ወዲህ ልጇ ቀን ቀን እኔ ዘንድ ነው። እሷ ሥራ ቦታ በጡት ማለቢያ ማሽን ታልባለች፣ ማታ በጠርሙስ ይዛ ትመጣለች፣ በማግስቱ እኔ በጡጦ አጠጣዋለሁ። እንድታልብበት የተሰጣት ቦታ የዓይን መመርመሪያው ክፍል ነው። መስኮት የለውም፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ ፊት ለፊት የፊደል ሰሌዳው ተሰቅሏል።

«ከላይ ካለው ትልቁ ፊደል ጀምሬ እስከ ታች አነባለሁ» አለችኝ ዛሬ። «አንብቤ ስጨርስ ጠርሙሱን አየዋለሁ። ታቹ ብቻ ነው የረጠበው።»

ለዚህ የሚሆን ቀልድ ነበረኝ። ዋጥኩት። እዚህም አልጽፈውም፤ ፊቷን አይቼ ሳበቃ ቀልዱ ራሱ ቀዘቀዘብኝ።

ረቡዕ፣ ደንበኛዬ ተኝቶ ሳለ

የልጅ ልጄን ደንበኛዬ ነው የምለው። ራሱ እንደ እንቁላል የተላጠ ነው፤ አንድ ፀጉር አላየሁበትም። ከእኔ በፊት ማን እንደላጨው እንጃ። ሳጠጣው በሱቄ ሥርዓት ነው፦ ፎጣ አንገቱ ላይ አስራለሁ፣ አገጩን ቀና አደርጋለሁ፣ «ጌታዬ፣ ዛሬስ እንዴት እናድርገው?» እላለሁ፣ ከዚያ ወሬ እጀምራለሁ።

የድሮው የጡጦ ላስቲክ ቀርፋፋ ነበር። አንድ ጡጦ ለመጨረስ ደንበኛዬ ሦስት ቀልድ ይፈጅበት ነበር። ባለፈው ሰሞን ላስቲኩን ለማፍላት ጥጄ ረሳሁትና አረረ። ለማንም ሳልናገር ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ አዲስ ገዛሁ። ባለሱቁ «ስንት ቁጥር ልስጥዎት?» አለ። ላስቲኩ ላይ ተጽፏል ይላል። አንዱን አንስቼ ገልብጬ አየሁት፤ አንዲት ጭረት ቢጤ ናት እንጂ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። «ጥሩውን» አልኩት። ጥሩውን ሰጠኝ። አሁን ደንበኛዬ አንዱን ቀልድ ሳልጨርስ ጡጦውን ጭልጥ ያደርገዋል። ጨርሶ ደግሞ ያለቅሳል፤ እጨምርለታለሁ። ጎበዝ ነው። በእኔ ወጥቷል።

ዓይኔ ደግሞ ደህና ነው፤ ይህ ይታወቅልኝ። ልጄ ራሷ በየዓመቱ ትመረምረኛለች፤ በየዓመቱ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነብላትና «አባዬ፣ አንተ እኮ ጭልፊት ነህ» ትለኛለች። እርግጥ ተማሪ ሳለች ያንኑ ሰሌዳ ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ደንበኞቼን ትለማመድባቸው ስለነበር፣ ፊደሎቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ማወቅ ኃጢአት አይደለም። መነጽር ያደረገ ሰው ምላጭ ይዞ ሲመጣ ማን አንገቱን ይሰጠዋል?

ዓርብ

የአማቼ እናት ሻንጣ ሙሉ አጃ ይዘው መጡ። የልጄን ወተት ሊጨምሩ ነው። እኔ በልቤ እሜቴ ጄኔራል እላቸዋለሁ፤ አንዳንዴ በአፌም ያመልጠኛል።

«እሜቴ፣ ይሄ ሻንጣ ከበደኝ። መድፍ ነው የያዙት?» አልኳቸው በሩ ላይ ስቀበላቸው።

«አጃ ነው። እርስዎ እዚህ ቁጭ ብለው የልጅቱ ወተት ሲቀንስ ምን ይሠሩ ነበር?»

«እኔማ ምን ልሥራ፣ ጡት የለኝ።»

«ምላስ ግን አልጎደለብዎትም።»

ወጥ ቤት ገብተው የአጃ ሾርባ ሠሩ፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ግድግዳ የሚለሰንበት ዓይነት። ልጄ አንድ ማንኪያ ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነች። እሳቸው ዞር ሲሉ ሳህኗን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። አየኋት፣ አየችኝ። ጠጣሁላት። በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ሊስቅ ዳር ዳር አለ።

ሰኞ፣ ቸኩዬ

ሾርባ ጠዋት። ሾርባ ማታ። ሁሉንም የምጠጣው እኔ ነኝ። ሱሪዬ አልቆለፍ ብሏል። እሜቴ «ለውጥ አለ?» ሲሉ ልጄ «ትንሽ» ትላለች። ለውጡ ወገቤ ላይ ነው። ወተት ግን እስካሁን አልወጣኝም።

ፍሪጁ ዛሬም ባዶ። ትናንት ያመጣችውን ደንበኛዬ እስከ ቀትር ጨረሰው።

ማክሰኞ

ማምሻ ላይ የልጄን አውቶቡስ በመስኮት ስጠብቅ ደንበኛዬ መነጫነጭ ይጀምራል። ሰው ደክሞት ሲገባ በለቅሶ አይቀበሉትም። ስለዚህ ፍሪዘሩ ውስጥ ለመጠባበቂያ ከተቀመጠው ወተት ላይ ትንሽ እሰጠዋለሁ። የአቀባበል ጡጦ ብዬ ሰይሜዋለሁ። በሩ ሲከፈት ልጁ ጠግቦ፣ ተጣጥቦ፣ እኔ ክንድ ላይ እንደ ሹም ተንጋሎ እየሳቀ ይጠብቃታል።

ዛሬም ሳቀላት። ሸሚዟ ደረቷ ላይ ረጥቦ ነበር። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ ጡቷን አቀረበችለት፤ ፊቱን አዞረ። በሌላኛው ሞከረች፤ አሁንም አዞረ። አዙሮም እኔን አየና ሳቀ።

«አልፈለገኝም» አለች።

«ደክሞት ነው» አልኩ።

ጠግቦ ነው አላልኩም። ማንም አልጠየቀኝም። እሜቴ ጄኔራል ግን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆነው እኔን አዩ፣ መታጠቢያው ውስጥ ያለችውን ጠርሙስ አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ቀለም ያስፈልገዋል።

ሐሙስ

እሜቴ ጄኔራል ሳህን ሲያደርቁ ያዙኝ።

«ለልጁ ማምሻ ላይ የሚሰጡት ምንድነው?»

«ፍቅር።»

«ፍቅሩን በጡጦ ነው የሚሰጡት?»

«እሜቴ፣ ልጁ እንዳያለቅስ ብዬ ነው።»

«ይኸው ልጁ አያለቅስም» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናቱ ናት የምታለቅሰው። እኔ አልናገርም፤ ነገር አመላላሽ አይደለሁም። እርስዎ ይንገሯት።»

ምን ብዬ? ልጅ ጠገበ ተብሎ ይከሰሳል? ሽምጥጥ አድርጌ ካድኩ። ካድኩና ደግሞ ሾርባ ቀዱልኝ። ለእኔ፣ በስሜ። ለካ ያንንም ያውቃሉ።

እሑድ ማታ

ጠርሙስ አጥቤ ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ በመኝታ ቤቱ በር በኩል የልጄን ድምፅ ሰማሁ። ጆሮዬን አልቀሰርኩም። ቆምኩ እንጂ።

«የዱቄት ወተት የጠጣም ልጅ ያድጋል» አለ ዝምተኛው ባሏ። ሁለተኛው የዓመቱ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ነገሩ ብሷል ማለት ነው።

«ያድጋል፣ አውቃለሁ። የማወራው ስለ እሱ ማደግ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከአባዬ ጋር ነው። የሚያስተኛው አባዬ፣ የሚያስቀው አባዬ። እኔ ጋ የቀረችው ይቺ አንድ ነገር ናት፤ እሷም እየሄደችብኝ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ እሞክራለሁ። ካልሆነ ማሽኑን ወደ ካርቶኑ እመልሰዋለሁ።»

ጠርሙሶቹን እንዳይንኳኩ ደረቴ ላይ አቅፌ ቆየሁ። ቀዝቃዛ ናቸው።

ለዛሬ የማስቀምጠው ቀልድ የለኝም። የሚያስቀው አባዬ ነው አለች። እንደ ነቀፋ አላለችውም፤ እሱ ነው የከፋኝ።

ማክሰኞ፣ ከጤና ጣቢያ መልስ

ልጁን ልናስመዝን ሄድን፤ ልጄ፣ እኔ፣ እሜቴ ጄኔራል። ነርሷ ወጣት ናት፤ ድምጿ ለስላሳ፣ ዓይኗ ግን መርማሪ።

«ልጁ እኮ ጥሩ አድርጎ ጨምሯል። አነሰ የምትይኝ ወተት የቱ ነው?»

«ያለብኩትን ሁሉ ቀን ይጨርሰዋል። ማታ ደግሞ እኔን አይፈልገኝም። የማልበውም እየቀነሰ ነው።»

«ቀን ማነው የሚያጠጣው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ አጠጡት፣ አባባ» አለች። ፎጣውን አሰርኩ፣ አገጩን ቀና አደረግሁ፣ ሙያዬን አሳየኋት። ደንበኛዬ ግጥግጥ አደረገው፤ የተረፈው በአፉ ግራና ቀኝ ወረደ። ነርሷ ጡጦውን ወሰደችና ላስቲኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው።

«ይሄን ያንብቡልኝ።»

«አንድ» አልኩ በሙሉ ልብ።

«ሦስት ነው። ከፍ ላሉ ልጆች የተሠራ ነው። ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ወተቱ ይፈስለታል እንጂ አይጠባውም፤ መጥገቡን ሳያውቅ ጡጦው ያልቃል። ከዚያ ጡት ሲሰጡት ዘገየብኝ ብሎ ይቆጣል።» ወደ ልጄ ዞረች። «ጡት የተጠየቀውን ያህል ነው የሚሠራው። አዘውትረው ሲጠይቁት ይጨምራል፤ ሲተዉት ይቀንሳል። ሥራ ቦታ አንዴ ብዙ ከመቀመጥ አጠር አጠር እያደረግሽ ቶሎ ቶሎ እለቢ። ቤት ስትገቢ ልብስሽን ከፍተሽ ደረትሽ ላይ አስተኚው፣ እሱ ራሱ ይጥባ። እርስዎም አባባ፣ በትንሹ ቁጥር፣ ቀና አድርገው፣ እያሳረፉ ያጠጡት። እናቱ መምጫዋ ሲደርስ ደግሞ ጡጦ የለም፤ እርቦት ይጠብቃት። ማምሻ ላይ ይሰጡታል እንዴ?»

«እኔ?» አልኩ። «ኧረ በፍጹም።»

እሜቴ ጄኔራል ሳሉ። ጉንፋን የለባቸውም።

«አጃውስ?» አሉ ቀጥለው።

«ከወደደችው ትጠጣው፤ አይጎዳትም። ዋናው ግን እሱ አይደለም።»

«ትወደዋለች» አሉ እሜቴ። እኔና ልጄ ወለሉን አየን።

መንገድ ላይ ልጄ ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ ሦስትን አንድ ነው ያልከው» አለችኝ።

«መብራቱ ነው።»

«መስኮት ላይ ነበር የያዘችው።»

ረቡዕ

ልጄ መነጽር ቤት ወስዳ መመርመሪያው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። የማለቢያዋ ቦርሳ ጠረጴዛው ሥር ተወሽቋል፤ ወንበሩ ጀርባ ላይ የልጁ ትንሽ ልብስ ተንጠልጥሏል። ስታልብ ወተቱ እንዲመጣላት ታሸተዋለች መሰለኝ። አልጠየቅኋትም።

«በል አንብብ» አለች። ጀመርኩ። ጥርት አድርጌ፣ ሳልቸኩል፣ መስመር በመስመር ወረድኩ።

«አባዬ።»

«እየሄድኩ ነው፣ አታቋርጪኝ።»

«ሰሌዳው እኮ ገና አልበራም።»

ማብሪያውን ተጫነችው፤ የበራው ደግሞ ሌላ ሰሌዳ ነው፣ አይቼው የማላውቀው። ከትልቁ ፊደል በታች ያለው ሁሉ ጉንዳን ነው።

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«አንቺ ተማሪ ከነበርሽበት ጀምሮ።»

መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ አልቻለችም። ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ ዕንባዋ እስኪወርድ፣ ትንሽ ልጅ ሳለች ሱቄ ውስጥ እንደምትስቀው ሳቀች። ድንገት አቋረጠችና ደረቷን ያዘች።

«ወጣብኝ» አለች። «አባዬ፣ ወተቱ እየወረደ ነው። ውጣ። አይ፣ በሩ ላይ ቁም። ማውራትህን አታቋርጥ።»

በሩን ገርበብ አድርጌ ከውጭ ቆምኩና የዳኛውን ነገር ጀመርኩላት። አንድ ዳኛ ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ጢሙን ላጭልኝ ብሎኛል፤ ግማሹን እንዳነሳሁ ባነነ፣ ሰዓቱን አየ፣ ፎጣዬን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ሮጠ። ችሎት በግማሽ ጢም ተሰየመ። ተከሳሹ በግራ በኩል ቆሞ ስለነበር ጢም አለው ብሎ ማለ፤ ጠበቃው በቀኝ ስለነበር የለውም ብሎ ማለ። መነጽር ቤቱ ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። ከበሩ ወዲያ ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ልጄ ትስቃለች።

ስትወጣ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ግማሹን አልፏል። እኔ እንኳ አየሁት።

ዓርብ

ዛሬ ለእግር ጉዞ ወጥተን ነበር፤ እኔና ደንበኛዬ። አየሩ ጥሩ ነበር።

እርግጥ ማምሻ ላይ መነጫነጭ ጀምሮ ነበር። የፍሪጁን እጀታ ይዤ ትንሽ ቆምኩ። እሜቴ ጄኔራል ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ቀና አላሉም፣ ቢላው ግን ቆመ። እጀታውን ለቀቅኩና ኮቴን ለበስኩ። ቢላው ቀጠለ።

ልጁ መንገዱን ሁሉ ጮኸ። አንዲት ሴትዮ «ምን አድርገውት ነው?» አለችኝ። «ፀጉሩን አበላሽቼበት ነው» አልኳት። የተላጨ ራሱን አየችና አለፈች። መነጽር ቤቱ በር ሳንደርስ ልጄ ድምፁን ለይታ ወጥታለች፤ ሸሚዟ እንደገና ረጥቧል። ነጥቃኝ ገባች።

መመርመሪያው ክፍል ጨለማ ውስጥ ተቀበለችው። ለቅሶው እንደተቆረጠ ክር ቀጥ አለ። ከውጭ ሆኜ ሲውጥ እሰማው ነበር። አለቃዋ ለደንበኞቹ «ምርመራ ላይ ናት» አለች።

ስትወጣ ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ፊቷ ቀልቷል። «ዛሬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የራበው?» አለችኝ።

«እያደገ ነው» አልኩ።

ማክሰኞ፣ ቸኩዬ

አሁን ሥራ ይዣለሁ። ልጄ ማሽኑን ስትከፍት ትደውላለች፤ እኔ ወሬ አቀርባለሁ። አጠር አጠር እያደረገች፣ ቶሎ ቶሎ። የአቀባበል ጡጦ ቀርቷል። የልጁን ጩኸት ግን ለመድኩት ብል ውሸት ነው፤ አንጀቴን ይበላኛል። መስኮቱ ላይ አቁሜው አውቶቡስ አሳየዋለሁ። በተነጫነጨ ቁጥር «መጣች፣ መጣች» እለዋለሁ። እሷን ሲያይ ከእኔ ላይ ሊዘል ይሞክራል። እኔን ዞር ብሎ አያየኝም።

ይሁን።

ሐሙስ

ቀልድ አለቀብኝ። ስልኩ ጠራ፤ ማሽኑ ወዲያ ማዶ ያጉረመርማል። «በል፣ ጀምር» አለች።

«አንድ ፀጉር ቆራጭ ነበር» አልኩ። «አንድ ራሰ በራ ደንበኛ ነበረው፤ በጣም የሚወደው። ደንበኛው ደግሞ ሌላ ቤት ይሄዳል፣ ትልቅ ቤት፣ እውነተኛው ቤቱ። ፀጉር ቆራጩ ምን አደረገ? ደንበኛው ወደዚያ የሚሄድበት ሰዓት ሲደርስ በየማምሻው ትንሽ ትንሽ ያበላው ጀመር። ጠግቦ ሲሄድ እዚያ አልበላ አለ። እዚያ ያሉት ደግሞ እኛ ነን ያልጣፈጥነው ብለው አዘኑ።»

ማሽኑ ብቻ ይሰማል።

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ተወው። ፀጉር ቆራጩ ሞኝ ነው እንጂ ክፉ አይደለም።»

እንደገና ማሽኑ።

«አባዬ፣ ይሄኛው ብዙም አያስቅም» አለች።

«አላስቅ አለኝ።»

«እሺ። የዳኛውን ንገረኝ። አንደኛው ጡት ይቀረኛል።»

ነገርኳት። ሰምታው እንደማታውቅ ሆና ሳቀች።

የወሩ መጨረሻ፣ እሑድ

ካርቶኑን እሜቴ ጄኔራል ለሽንኩርት ማስቀመጫ ወስደውታል። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ፍሪጁ ውስጥ ለነገ የሚሆነው ወተት ተቀምጦ ከጎኑ አንድ ትርፍ ጠርሙስ አለ። እሜቴ ያንን ጠርሙስ እንደ ዋንጫ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳዩ። «አጃዬ ነው» ይላሉ። ልጄ «አዎ፣ አጃው ነው» አለቻቸውና ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። የጠጣሁት እኔ፣ የወጣው ከሷ። እንዲህ ያለ ሕክምና ተሰምቶ አይታወቅም። እሜቴም እያወቁ ነው ዝም የሚሉት፤ ዛሬ ሾርባውን ሲያቀርቡልኝ «ለጡትዎ» አሉኝ። ይህችን ሴትዮ አንድ ቀን ሳልረታት መሞቴ ነው።

ክልከላው ተነስቷል። ያነሳው ሰው የለም፤ ዝምተኛው አማቼ ራት ላይ ቀልድ ተናገረ። ምንም አያስቅም ነበር። ሁላችንም ሳቅን።

ከራት በኋላ ልጄ ያሠራችልኝን መነጽር ከቦርሳዋ አወጣችና ራሷ ጆሮዬ ላይ ሰካችልኝ። መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው። ከዓይኗ ሥር ጥላ አለ፣ በጆሮ ግንዷ በኩል ነጭ ፀጉር ጀምሯታል። መቼ? እነዚህን ሁሉ ሳምንታት ከዚህች ሴት ጋር ነበር የምቀልደው።

«ምነው? ጠበበህ?» አለችኝ።

«ፊትሽ ሰፋብኝ» አልኳት። በፎጣ መታችኝ።

ከዚያ ደንበኛዬን ሰጠችኝ፤ ጠብቶ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። እንቁላል አይደለም። ራሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ፀጉር አለ፤ ስስ፣ ለስላሳ፣ አናቱ ላይ አንድ ዙር የተጠቀለለ። ከመጀመሪያውም ነበር ትላለች እናቱ፤ አብሮት የተወለደ ነው።

የሱቄን ሣጥን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁ። መቀስና ምላጩን አልነካሁም። ለስላሳዋን ማበጠሪያ ፈልጌ አጠብኳት። ነገ አውቶቡሱ ከመምጣቱ በፊት አናቱን ወደ ቀኝ አበጥሬ፣ ርቦት፣ እየጮኸ፣ አስረክባታለሁ።